የቅኔና የትረካ ከሰዓት በቢቸና፦ ምን እናስተካክል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። ጥር ላይ ለ120 ሰው የሚሆን ዝግጅት አስበናል። ግማሹ ቅኔ ነው፤ በቀረው ሰዓት አዛውንቶች ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ 1960ው የእርሻ ገቢ ግብር አመፅ ያወጋሉ። ችግሩ ግእዝ የማይሰማው ወጣት መሃል ላይ እየተነሣ ይወጣል። የምታውቁ ምከሩን።

ዘዲማ፦ መወድስ በሚባለው የቅኔ ዓይነት አትጀምሩ። ስምንት ቤት (ስንኝ) ነው፣ ላልለመደ ጆሮ ይከብዳል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ስለሆነ ከእሱ ጀምራችሁ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ እለፉ። ባለቅኔው ይቀኛል፣ ተቀባዩ ይደግማል፣ ከዚያ መድረክ መሪው ሰሙን፣ ማለትም የላይኛውን ትርጉም ብቻ፣ በአማርኛ ይናገር። ወርቁን፣ የተሰወረውን ምስጢር፣ ሕዝቡ ይፈልገው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሰው የሚነቃውም የሚከራከረውም ያኔ ነው። ወርቁ ቀድሞ ከተነገረ ግን የሚቀረው ማጨብጨብ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ አምስት ቅኔ ለአንድ ሰዓት ይበቃል።

ቅኔውን በሰፊ ወረቀት ጽፎ መስቀል ይረዳል፤ ኅብረ ቃሉን (ሁለቱን ትርጉም የያዘውን ቃል) ግን አታስምሩበት፣ ያው ወርቁን መንገር ነው። የኔታ አስቀድመው ጽፈው ይሰጡናል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቅኔ የዕለቱ ነው። አንድ ደቀ መዝሙር ከጎን አስቀምጡ፤ ተቀባዩ ሲደግም ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል።

ባለ እድር፦ ጥር አጨዳው ስለሚያልቅ ጥሩ ነው፤ የጥምቀትን ሰሞንና ሰርግ የሚበዛበትን እሑድ ግን ዝለሉ። ገበሬው በሬ የማይጠምድበትን በዓል ምረጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ጀምሩ። የገበያ ቀን ከሆነ ሰው ይመጣል፣ ልቡ ግን መንገድ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከዋለ ዳቦና ቆሎ እንጂ እርጎ አታስቡ።

ድንኳን፣ ወንበርና ጀበና ከእድር ተዋሱ። ጥሪውን ግን በእድር ጥሩምባ አታስነፉ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። በቤተ ክርስቲያን ደጅና ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ ማስነገር ይሻላል።

መዝጋቢ፦ ትረካው ላይ "በስንት ዓመተ ምሕረት?" አትበሉ፣ ግምት ነው የምታገኙት። "ግብሩ ሲመጣ አግብተው ነበር? ደርግ ሲገባስ ስንት ልጅ ነበርዎ?" ብትሉ ዘመኑ ራሱ ይወጣል። ከ1928 እስከ 1933 ያለውን በዓይኑ ያየ ዛሬ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወግ ጎን "ያየው" ወይም "ከአባቱ የሰማው" ብላችሁ ጻፉ።

የባንዳን ነገር አደራ። የአንዱ አያት በስም ከተነሣ የልጅ ልጁ እዚያው ተቀምጧል። ሥራው እንጂ ስሙ አይጠራም ብላችሁ መጀመሪያ ላይ አስታውቁ።

ሴቶች በወንድ አዛውንት ፊት ብዙ አይናገሩም። ጠዋት ለብቻ ጥሯቸው፣ እንዝርትና ጥጥ ይዘው ይምጡ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ሙሾውም እንጉርጉሮውም ይመጣል።

ለድምፅ፦ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል አርቃችሁ በታጠፈ ጋቢ ላይ አኑሩ፣ ጥሪ እንዳይገባ ዝጉት፣ ግማሽ ደቂቃ ቀድታችሁ አዳምጡ። ጄኔሬተሩ ከድንኳኑ ይራቅ። ስም ሳይጠቀስ ይቀዳልኝ የሚል ካለም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የባለሥልጣኑን ንግግርስ የት እናግባው?

ባለ እድር፦ ከሽማግሌው ምርቃት ቀጥሎ፣ አምስት ደቂቃ። በቅኔው መሃል ካስገባችሁት ለወርቁ የተነሣው ክርክር ይቋረጣል፣ ተመልሶም አይሞቅም።