የሃይስኩል ፉትቦል ፊልም ስክሪፕት፦ የጨዋታ ትዕይንቶቹን እንዴት ላስተካክል?

ባለስክሪፕት

ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስላለ የሃይስኩል ፉትቦል ቡድን (የአሜሪካው ፉትቦል ማለቴ ነው) ኮሜዲ-ድራማ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚያቀብለው ተጫዋች) በሦስተኛው ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ይበጠስና ተጠባባቂው ይገባል፤ ለፍጻሜው ዋናው ድኖ ይመለሳል። በመጨረሻው ትዕይንት ቡድኑ በ3 ነጥብ እየተመራ፣ 10 ሰከንድ ሲቀር ተጠባባቂው ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የጎል መስመር ማለፍ፣ 6 ነጥብ) ያስቆጥራል። አምስት ጨዋታ ጽፌያለሁ፤ ሲነበቡ ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በጀቱም ጠባብ ነው። ምኑ ይቀነስ? ምኑስ ተሳስቷል?

ሦስተኛ ዳውን

ከጉልበቱ እንጀምር። የጉልበት የፊት ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት፣ ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወር አካባቢ ይፈጃል። የቴክሳስ ሲዝን በኦገስት መጨረሻ ተጀምሮ በዲሴምበር ያልቃል። ልጁ በምንም መንገድ ለፍጻሜው አይደርስም፤ ስፖርቱን የሚያውቅ ተመልካችም እዚያው ላይ ፊልሙን ማመን ያቆማል።

እኔን ብትሰማኝ ጉዳቱን ትተህ የትምህርት ውጤት ታመጣለህ። ቴክሳስ ውስጥ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ካላለፍክ አትጫወትም» የሚባል ሕግ አለ። በአንድ ትምህርት ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ውድድር ላይ አይሰለፍም፤ ልምምድ ግን ይፈቀድለታል። ኮሜዲህ እዚህ ላይ አለልህ። የከተማው ጀግና በአልጀብራ 69 አምጥቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከቡድኑ ጋር እየተላተመ ይለማመዳል፤ ዓርብ ማታ ግን የዘወትር ልብሱን ለብሶ ዳር ላይ ይቆማል። የሂሳብ መምህሯም በአንድ ጀምበር የከተማው ጠላት ትሆናለች። ሦስት ሳምንቱ ሲያልፍና ውጤቱን ሲያሻሽል ይመለሳል፤ ተአምር አያስፈልግህም።

የነጥብ ልዩነቱንም ቀይረው። በ3 እየተመሩ ለጎል ከተጠጉ ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በጎሉ ቋሚዎች መካከል ማሳለፍ፣ 3 ነጥብ) መትተው አቻ መሆን ይችላሉ፤ ተመልካቹ «ለምን አይመቱትም?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱን 4 ወይም 5 አድርገው፤ ያኔ ታችዳውን ግድ ይሆናል፣ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብህም። ታይም አውቶቻቸውን (ሰዓቱን የሚያስቆሙበትን የእረፍት ጥሪ) ቀደም ብለው እንዲጨርሱ አድርግ፤ ለአንድ ቡድን በግማሽ ጨዋታ የሚሰጠው 3 ብቻ ነው። ታይም አውት ሲያልቅ ሰዓቱን ለማቆም በዋናነት በእጃቸው የሚቀረው ከመስመር መውጣት ወይም ያልተያዘ ፓስ ነው። ኳርተርባኩ ስናፑን (ጨዋታውን ለማስጀመር ወደ ኋላ የሚሰጠውን ኳስ) እንደተቀበለ ኳሱን መሬት ላይ ቢወረውር ሰዓቱ ይቆማል፤ ግን አንድ ዳውን (ኳሱን ለማራመድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች አንዱን) ይበላል። በአራተኛ ዳውን ላይ ይህን እንዳትጽፍ፤ ኳሱ ወዲያው ለተጋጣሚ ያልፋል።

አምስቱን ጨዋታ ሁለት አድርጋቸው፤ የቀሩትን በስኮርቦርድና በማግስቱ በሚወራው ወሬ እለፋቸው። በሁለቱም ቢሆን ከአምስት ስድስት ቅብብል (ከስናፕ እስከ ፊሽካ ያለ አንድ ሙከራ) በላይ አታሳይ፤ እያንዳንዱ ቅብብል አንድ ገጸ ባህርይ የሚወስነውን ውሳኔ ይያዝ። ያንተ ጨዋታዎች አንድ የሚመስሉት ሁሉም የሚያልቁት በውጤት ስለሆነ ነው።

ስድስት ለስድስት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ግን ከተማዋ ትንሽ ከሆነች ለምን አስራ አንድ ለአስራ አንድ ይሆናል? የቴክሳስ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች እኮ የሚጫወቱት ስድስት ለስድስት ነው። ጨዋታው በ1934 እ.ኤ.አ. ነብራስካ ውስጥ የተጀመረው ተማሪ ላነሳቸው ትምህርት ቤቶች ታስቦ ነው። ሜዳው በ100 ያርድ ፈንታ 80 ያርድ ነው፣ ወርዱ 40። ለፈርስት ዳውን (አዲስ የሙከራ ዕድል ለማግኘት) 10 ሳይሆን 15 ያርድ ያስፈልጋል፤ ኳርተሩ 10 ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው ግማሽ ጨዋታ ማብቂያ ጀምሮ ልዩነቱ 45 ከደረሰ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ ለመጀመሪያው አሳፋሪ ሽንፈት ከዚህ የተሻለ መጨረሻ የለም።

ለበጀትህ፦ ሜዳ ላይ በ22 ፈንታ 12 ሰው ብቻ ታለብሳለህ፣ 12 ብቻ ታሠለጥናለህ።

ለድርሰቱ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ይሰጥሃል። በአስራ አንዱ ጨዋታ ከ50 እስከ 79 ቁጥር የለበሱት የመስመር ተጫዋቾች ፓስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። በስድስቱ ግን ስናፕ የሚሰጠው ሴንተር ጭምር ሁሉም ይቀበላል። ፊልሙን ሙሉ ሌላውን ሲከላከል የኖረው፣ ማንም ኳስ አቀብሎት የማያውቀው ግዙፉ ልጅ በመጨረሻው ቅብብል ብቻውን ቢገኝስ? ይህን በ11 ልጻፈው ብትል ሕግ መጣስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። በስድስቱ ጨዋታ ስናፑን የተቀበለው ልጅ ኳሱን ይዞ ስናፑ የተሰጠበትን መስመር በቀጥታ አልፎ መሮጥ አይችልም፤ መጀመሪያ ለሌላ ተጫዋች ማስተላለፍ አለበት። ፊልድ ጎልም እዚህ 4 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ልዩነት 5 ይሁን።

ባለስክሪፕት

ስድስት ለስድስቱን ወስጃለሁ፤ የሴንተሩ ነገር ሙሉ መጨረሻውን ቀየረልኝ። ቀረጻውስ? የማታ ጨዋታ ነው፤ ሄልሜቱ ፊት ስለሚሸፍን ማን ማን እንደሆነ እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

ሌንስ

ፊቱ ከመሸፈኑ በፊት ቁጥሩን አስተዋውቅ። በኮሜዲ ትዕይንቶቹ ልጆቹ የቁጥር ማሊያቸውን ለብሰው ክፍል ይግቡ፤ የጨዋታ ቀን ማሊያ ለብሶ ትምህርት ቤት መዋል እዚያ የተለመደ ነው። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ተመልካቹ 52ን ከጀርባው ይለየዋል። ሁለቱ ቡድኖች አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ይልበሱ፤ ቀይና ሰማያዊ በማታ ብርሃን ሲታዩ ይቀራረባሉ።

ቡድኖቹ በየኳርተሩ አቅጣጫ ይቀያየራሉ፤ በፊልም ላይ ግን ያንተ ቡድን ምንጊዜም ከግራ ወደ ቀኝ ያጥቃ። ካሜራውን ከአንዱ የሜዳ ዳር ወደ ሌላው አታሻግረው። ከተሻገረ ሯጩ በድንገት ወደራሱ ጎል የሚሮጥ ይመስላል፤ ኤዲቲንግ ላይም መዳኛ የለውም።

የስታዲየም መብራት አሜሪካ ውስጥ በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው። በሰከንድ በ24 ፍሬም ስትቀርጽ ሸተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ የሚወስነውን) 180 ዲግሪ ላይ ከተውከው ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። 144 ዲግሪ አድርገው፤ 1/60 ሰከንድ ይሆንልሃል። ለስሎው ሞሽን 48 ፍሬም ስትወጣም ያው 144 ዲግሪ 1/120 ስለሚሰጥህ አንዱ ቁጥር ለሁለቱም ይሠራል። ከመቅረጽህ በፊት ቦታው ላይ ሞክረህ በሞኒተር እይ። መብራቱ የቆየው የሜታል ሃላይድ ዓይነት ከሆነ በቀረጻ መሃል ማንም እንዳያጠፋው አስጠንቅቅ፤ አንዴ ከጠፋ እስኪቀዘቅዝና እንደገና እስኪበራ 15 ደቂቃና ከዚያም በላይ ትጠብቃለህ።

ግጭቶቹን መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በግማሽ ፍጥነት አለማምዳቸው። ሙሉ ታክሉን (ተጋጣሚን ይዞ መጣሉን) ለመጨረሻ አቆየው፣ ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይም አታስደግም፤ ሰው ሲደክም ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይገባል፣ አንገት የሚጎዳውም ያኔ ነው። ድምፁን ለብቻው ቅዳ፦ የትከሻ መከላከያ ግጭት፣ ፊሽካ፣ ኳርተርባኩ ስናፕ ሲጠራ። ስታዲየሙን የሚሞላ ተመልካች ከሌለህ ያሉህን ኤክስትራዎች (አጃቢ ተዋናዮች) በአንድ ጥግ ሰብስብ፣ ካሜራውን ሳታነቃንቅ ቅረጽ፣ ወደሚቀጥለው ጥግ አዛውራቸውና ድገመው፤ ምስሎቹ ኋላ ይጋጠማሉ። ሲዘዋወሩ ኮፍያና ጃኬት ይለዋወጡ።