ቆቃ አርጅቷል ይላሉ፤ እማዬን ከወንጂ ላውጣት?

የወንጂዋ ልጅ፦
ሰላም የአዳማ ሰዎች። እናቴ ወንጂ፣ ከቆቃ ግድብ በታች፣ ከአዋሽ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ ነው የምትኖረው። ክረምት በገባ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ «ቆቃ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ይናዳል» እያለ እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔ ጋ አዳማ ነይ ብላት «ግድቡ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ እኔ መቼ ወደቅሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። የሚያውቅ ሰው ካለ በግልጽ ይንገረኝ።

ሽቅብ ኗሪ፦
አዳማ ስታመጫት ደግሞ ከዙሪያው ጋራ የሚወርደው ጎርፍ ይቀበላታል! እሱን ቆቃ አያስቆምልሽም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ዕድሜዬን ማመንጫ ቤት ነው የጨረስኩት። ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ የኮንክሪት ግድብ ነው። ውሃውን የሚመክተው በገዛ ክብደቱ ነው። እንዲህ ያለው ግድብ እንደ አፈር ግድብ ውሃ ስላለፈበት ብቻ ተሸርሽሮ አይሄድም። ጠላቱ ከሥር ነው፤ በመሠረቱ ስንጥቅ የገባ ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው ክብደቱን ያቀልበታል። ያንን ውሃ የሚያወጡት የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በኖራ ከተደፈኑ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ማፍሰሻው ድንገት ደረቀ ሲባል እኔ ደስ አይለኝም።

ለእናትሽ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደለሉ ነው። ከላይኛው አዋሽና ከሞጆ ወንዝ የሚመጣው ጭቃ ከ60 ዓመት በላይ ሐይቁን ሲሞላው ኖሯል። ቆቃ ወንጂን የሚጠብቃት የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው፤ መያዣው ሲጠብ ቶሎ ይሞላል፣ ነሐሴ ላይ በር ይከፈታል። ግድቡ ምንም ሳይሆን ወንጂ ውሃ ሊገባት ይችላል ማለት ነው። ጭቅጭቁም እዚህ ላይ ነው፤ ለ43 ሜጋ ዋቱ መብራት ሐይቁ ቢሞላ ይሻላል፣ ለጎርፉ ባዶ ቦታ ቢተው። ከታች ያሉት የአዋሽ 2 እና 3 ኃይል ማመንጫዎችም ዓይናቸው እዚያው ውሃ ላይ ነው።

ባለ ፓምፑ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ወንዙ ዳር ሽንኩርት አለኝ። ውሃ ሊያስተነፍሱ ነው ሲባል ማንንም ሳልጠይቅ ፓምፔን አነሳለሁ። ችግሩ ወሬው አንዳንዴ ከውሃው በኋላ ነው የሚደርሰኝ።

የወንጂዋ ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ላውጣት?

ጡረተኛው፦
ቤቷ ከወንዙ መከላከያ ክትር በየት በኩል ነው? ከክትሩ ወዲያ፣ ወደ ወንዙ ከሆነች ሐምሌ ሳያልቅ አምጫት፣ ብትቆጣም ትቆጣ። ወዲህ ከሆነች አንድ ቅዳሜ ሂጂና ክትሩን በእግርሽ ተከተዪው። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ረግጠውት ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነው። ካየሽ ለቀበሌው አሁኑኑ ንገሪ፣ በበጋ ካልተሞላ በክረምት ጭቃው ሠራተኞቹን አያስገባቸውም።