ለ9 እና ለ6 ዓመት ልጆቼ የኮዲንግ አስጠኚ ፈልጌ ግራ ገባኝ

የጀሞዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ሴቷ 6 ዓመቷ ነው፤ ፊደል ጨርሳ አሁን ቃል እየገጣጠመች ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከኮምፒውተር የማውቀው ኤክሴልና ፒችትሪ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ልጁ «እማዬ፣ ጌም መጫወት ሰልችቶኛል፣ መሥራት ነው የምፈልገው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ) እንዲማር ሰፈራችን ወዳለ አንድ ማሠልጠኛ ወሰድኩት። ሁለት ወር ተማረ። መጀመሪያ «ሃርድዌር ማለት፣ ሶፍትዌር ማለት» የሚል ትርጉም ሸመደዱ። ከዚያ ፓይተን የሚባል የኮዲንግ ቋንቋ ነው ተብሎ ከሰሌዳ ወደ ደብተር ገለበጡ። አዎ፣ ወደ ደብተር። አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ልጅ ነበር። በመጨረሻ ጋዋን ለብሰው ተመረቁ፤ የፎቶው ለብቻው ተከፈለ። ማታ ቤት ገብተን «እስቲ የተማርከውን ንገረኝ» ብለው «ፕሪንት» አለኝ። «ከዚያስ?» ስለው «ቅንፍ» አለኝ። በቃ።

አሁን ባለቤቴ ቤት የሚመጣ አስጠኚ ይሻላል አለ። አስጠኚ የሚያገናኝ ደላላ ጋ ደወልኩና አንድ ልጅ ላከልኝ። ጨዋ ነው፣ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቋል፣ በሰዓት 500 ብር ይላል። «በጃቫ እንጀምራለን፣ መሠረት ይሆነዋል» አለኝ። «ትንሿስ?» ስለው «እሷም አጠገቡ ትቀመጥ፣ ጆሮዋ ይልመድ» አለ።

እኔ ይኼ ጆሮ የማስለመድ ነገር አልጣመኝም። ግን ትምህርቱን ሳላውቀው አስተማሪውን በምን ልመዝነው? ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ መብራትም እንደምታውቁት ነው። እባካችሁ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ካለ ይንገረኝ።


ኮደሩ፦

ይቅርታ ግን ለምን ታስቸኩያቸዋለሽ? እኔ ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ዛሬ በእሱ እንጀራ እበላለሁ። ሒሳብ በደንብ ይማሩ፣ ውጭ ወጥተው ኳስ ይጫወቱ። ሌላው ይደርሳል።


የጀሞዋ እናት፦

ወንድሜ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ መኪና ቆሞበታል። ደግሞም ጠያቂው እሱ ነው፣ እኔ አላስቸኮልኩትም።


የልጆች አባት፦

መንግሥት የከፈተው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ አይደል እንዴ? ነፃ ነው። ለምን አታስመዘግቢያቸውም?


የቅዳሜ አስጠኚ፦

የልጆች አባት፣ እሱ ለሕፃናት አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆነው የጀመሩት ነው። የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ትምህርት አለው። በኦንላይን ቁጭ ብሎ በራሱ የሚማር ወጣት ይፈልጋል። ለእናትየው ግን ይሆናል፤ ጊዜ ካላቸው ይሞክሩት።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስጠንቻለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ለራሴ ገበያ እየፈለግኩ እንዳይመስልብኝ።

እትዬ፣ መጀመሪያ ጃቫን ይተዉት። ቋንቋው መጥፎ ሆኖ አይደለም። በጃቫ «ሰላም» የምትል አንዲት ቃል ስክሪን ላይ ለማውጣት ልጁ ያልገባውን አምስት መስመር መጻፍ አለበት። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም አንዲት ነጠላ ሰረዝ የመሰለች ምልክት ከረሳ ሁሉም ቀይ በቀይ ይሆናል። የ9 ዓመት ልጅ እዚያ ጋ ያኮርፋል።

ለእሱ ስክራች ነው የሚሆነው። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ቡድን በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ለሕዝብ የለቀቀው ነው። የቡድኑ ስም ራሱ ሲተረጎም «የዕድሜ ልክ መዋዕለ ሕፃናት» ነው፤ ስሙን ስሰማ ነው የወደድኳቸው። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። ኮዱ አይጻፍም፤ ባለቀለም ብሎኮች እየጎተቱ ማገጣጠም ነው። ነፃ ነው። አንዴ ዳውንሎድ ካደረጉት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ካለው ይበቃል። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል።

ለትንሿ ደግሞ ስክራች ጁኒየር የሚባል አለ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ነው። ታብሌት ላይ ይጫናል። ብሎኮቹ ሥዕል ስለሆኑ ማንበብ ባትችልም ችግር የለውም። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አያስቀምጧቸው። ትልቁ ይቀድማል፣ ትንሿ ተመልካች ትሆናለች፣ በሦስተኛው ቀን «ኮዲንግ የወንድ ነው» ትልዎታለች። በእኔ ደርሷል። ለእሷ ለብቻዋ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው።

አሁን ዋናው፣ አስተማሪውን በምን ይመዝኑ? ዲግሪውን አይዩ። ከመቅጠርዎ በፊት የአንድ ሰዓት ሙከራ ይክፈሉት፣ አዎ ይክፈሉት፣ በነፃ አያስለፉት። እርስዎ ቡና ያፍሉ። እያፈሉ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ማውሱን ማን ነው የያዘው?

መጥፎ አስተማሪ ልጁ ሲዘገይበት እጁ ይበላዋል። «ቆይ ላሳይህ» ብሎ ማውሱን ይቀበላል። ቀልጠፍ ቀልጠፍ አድርጎ ሠርቶ «አየህ?» ይላል። ልጁም «አየሁ» ይላል። ምንም አላየም። ጥሩ አስተማሪ እጁን ኪሱ ከትቶ «እስቲ ሞክረው» ነው የሚለው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ማውስ ቀሚ ነበርኩ። ስንት ልጅ በእኔ የተነሳ እንደተወው እግዚአብሔር ይወቀው።

ሌላም ይጠይቁት፦ «ልጁ አልሠራልኝም ሲልህ ምን ትለዋለህ?» በሉት። «አስተካክልለታለሁ» ካለ ይሸኙት። «ምን እንዲሆን ነበር የፈለግከው? ምንስ ሆነ? ብዬ እጠይቀዋለሁ» ካለ ሻይ ይጨምሩለት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርት አይቋረጥም። ጠመኔ ይያዝ። ወለል ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይሣል። አስጠኚው ሮቦት ይሆናል፣ ልጁ ያዘዋል፦ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ዝለል፣ ይኼን ሦስት ጊዜ ድገም። ልጆች ትእዛዝ በቅደም ተከተል መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚገባቸው ያኔ ነው። እኔ ከስክሪኑ ይልቅ በዚህ ነው ያስተማርኩት ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ የመጨረሻ፦ ትምህርቱ ሳሎን ይሁን፣ በር ተከፍቶ፣ ትልቅ ሰው ባለበት። ማንም ይምጣ ማን። ጨዋ አስጠኚ በዚህ አይከፋም።


ሚሚ ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ የቅዳሜ አስጠኚ ያለውን ሁሉ አጥብቄ ደግፌአለሁ። የእኔ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። እዚህ አሜሪካ በየቤተ መጻሕፍቱ ነፃ የስክራች ክበብ አይጠፋም። ግን እኔ ሌላ ነገር አደረግኩ፤ አዲስ አበባ ያለች አስጠኚ በዙም ቀጠርኩለት። ቅዳሜ እዚህ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ እዚህ የበረዶው ወራት ሲገባ አንድ ሰዓት ይዛነፋል። ምክንያቴ ኮዲንጉ ብቻ አልነበረም። ከእኔ ጋር አማርኛ አውራ ስለው እንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ፣ ከእሷ ጋር «ቆይ፣ ከዙረት በኋላ ድገም ልበል?» ሲል ከኩሽና ሆኜ ሰማሁትና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ግን ለስድስት ዓመቷ ልጅሽ በዙም እንዳትሞክሪ። የልጄን የአክስት ልጅ ሞክረን አሥር ደቂቃ ሙሉ ያሳየችን የወለቀ ጥርሷን ነው።

ደግሞ ስክራች ድረ ገጹ ላይ አካውንት ከከፈታችሁ ልጆች ሥራቸውን ለሁሉም ማሳየትና አስተያየት መጻጻፍ ይችላሉ። ስሙን በእውነተኛ ስሙ አታድርጉት፣ የትምህርት ቤቱንም አይጻፍ።


ኮደሩ፦

ማውስ ቀሚ ያልከው እኔን ነው። ትናንት የእህቴን ልጅ ይዤ ይኼን ካነበብኩ በኋላ ራሴን ያዝኩት። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።


የጀሞዋ እናት፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የበጀት መዝጊያ ነበር።

ሁለት አስጠኚዎች ሞከርኩ። የጃቫውን ልጅ «በስክራች ታስተምራለህ?» ብዬው «እሱ እኮ የሕፃን ነው» አለኝ። ልጄስ ምን ሆነና? ሆኖም ከፍዬ አስቀመጥኩት። ቡናውን ገና አልቆላሁም፣ ማውሱን ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ልጄ የሚያየው ግድግዳውን ነበር።

ሁለተኛዋ እኛው ብሎክ አራተኛ ፎቅ የምትኖር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷን በዕቁብ ነው የማውቃት፤ ልጅቷ ኮምፒውተር እንደምታጠና ግን አላውቅም ነበር። ደላላ ፍለጋ ከተማ ስዞር አስጠኚዋ ደረጃ ላይ በየቀኑ ታልፈኛለች። የመጣች ቀን ላፕቶፑን ከፍተው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የሞተ ነው። እኔ «በቃ ነገ» ልል ስል ልጅቷ ራሷ «ጠመኔ አለ?» አለች። ይኼን ጽሑፍ አንብባ ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ። የልጁን አሮጌ ጠመኔ አመጣሁላት።

እሱ አዛዥ፣ እሷ ሮቦት። «ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደፊት» አላትና ሶፋው ላይ ሄዳ ወደቀች። ሆን ብላ ነው፣ ግን እንዴት ብላ እንደወደቀች ብታዩ። ትንሿ ከጥግ ሆና «መጀመሪያ ዙሪ በላት እንጂ!» ብላ ጮኸች። አስጠኚዋ ወደ እሷ ዞራ «ጎበዝ፣ የት ጋ ልዙር?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ሰው አላስፈለጋቸውም። በሳምንት ሁለት ቀን በሰዓት 350 ብር ተስማማን። ለትንሿ ታብሌት ከአክስቷ ተውሰናል፤ ተለያይተው ነው የሚማሩት።

አሁን አዲስ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ስክራች ላይ ያለችውን ድመት ከስክሪኑ ጫፍ ጫፍ እንድትሄድ አድርጓል። ጫፍ ደርሳ ስትመለስ ግን ተገልብጣ፣ እግሯ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው የምትሄደው። ሁለት ቀን ሙሉ እየታገለ ነው። ራት አልበላም አለ። አስጠኚዋም «ራሱ ያግኘው» ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ትናንት ተኝቶ ሳለ ላፕቶፑን ከፍቼ ስነካካ አገኘሁት። የአዟዟር ዓይነት የሚል ማስተካከያ አለ። ልንገረው? አንጀቴን በላው።


የቅዳሜ አስጠኚ፦

እትዬ፣ እባክዎ አይንገሩት። እርስዎ ግን ገብተውበታል፤ ያንን የ5 ሚሊዮኑን ሥልጠና ዛሬ ይመዝገቡ።


የጀሞዋ እናት፦

እሺ። ራቱን እያሞቅኩለት ነው።