ከዋሽንግተን ደሴ፦ ዓርብ ተነስቶ ለቅዳሜ ኒካህ ይደረሳል?

የሆጤዋ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። የእህቴ ኒካህ ቅዳሜ ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በፊት ደሴ ላይ ነው። ወንድሜ «ቀርተሽ እንዳልሰማ» ብሎኛል፤ የሥራ ፈቃዴ ግን የሚጀምረው ዓርብ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቼ እደርሳለሁ? ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ አለኝ።

ጦሳ፦ አብሽሪ፣ እናስላው። ከደለስ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሰዓት ልዩነቱ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ 7፣ በቀረው ጊዜ 8 ነው። ዓርብ ረፋድ 5 ሰዓት ብትነሺ አዲስ አበባ ያኔ ምሽት 12 ሰዓት ነው። 13 ጨምሪበት፤ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ነሽ። ለፓስፖርት፣ ለሻንጣ፣ ለጉምሩክና ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ለመሻገር ከ2 ሰዓት በታች አትያዢ። ኮምቦልቻ በአየር 1 ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም ከሰመረ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ትገቢያለሽ።

የቦርከና ልጅ (ከኮምቦልቻ)፦ ሁሉም ከሰመረ ነዋ! ቲኬት ስትፈልጊ «ደሴ» ብለሽ ብትጽፊም የምታርፊው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ 25 ኪሎ ሜትር ይቀርሻል። ክረምት ከሆነ ዳገቱ ላይ ጉም ይወርዳል፣ መኪና በመብራት ነው የሚጎተተው፤ በረራውም ሊዘገይ ይችላል።

ሰዓቱንም አደራ። ቲኬት ላይ 07:30 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ 6 ቀንሺ። ቀን 7 ሰዓት ተኩል መስሎት የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

የኮምቦልቻውን ለብቻው አትቁረጪ። በአንድ ቲኬት ከሆነ ሁለቱም ሻንጣ ይታለፍልሻል፣ ቦሌ ዘግይተሽ ገብተሽ የኮምቦልቻው ቢያመልጥሽም በሚቀጥለው ይወስዱሻል። ለብቻው ከቆረጥሽው የሚፈቀደው 20 ኪሎ ነው፤ ለ26ቱ ትከፍያለሽ፣ ካመለጠሽም ኪሳራው የራስሽ ነው። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ሲሞላ ሻንጣ ለቀጣዩ በረራ የሚያድርበት ጊዜ አለና የኒካሁን ልብስ በእጅሽ ያዢ።

ሸዋበር፦ ጉም ከተፈራ በመኪና ትምጣ። ከቦሌ በቀጥታ በደብረ ብርሃን፣ በከሚሴ አድርጋ።

ጦሳ፦ ወንድሜ፣ 400 ኪሎ ሜትር ነው እኮ! ጣርማ በር ላይ ሽቅብ፣ ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁል፣ ከባድ መኪና ተከትሎ 8 ሰዓት ቢያንስ። 3 ሰዓት ብትነሳ ቢፈጥን 11 ሰዓት ላይ ነው የምትደርሰው። ኒካሁ ካለቀ በኋላ ምን ታደርጋለች? የመንገዱም ሁኔታ በዚያው ሳምንት ካልተጠየቀ አይታመንም።

አባ ሐዋላ፦ ለሁለት ቀን ይህን ሁሉ? የቲኬቱን ብር በባንክ ላኪና ሰንጋ ይታረድበት። ቤተሰቡም ይጠቀማል።

የቦርከና ልጅ፦ ብር ነገም ይላካል። የእናት ምርቃት በሐዋላ ይላካል እንዴ? ልጅቷ የጠየቀችው ሰዓት ነው፣ ሰዓት ንገሯት።

ጦሳ፦ ስለ ሰዓት ከሆነ መመለሻውንም ልንገርሽ። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፣ ነዳጅና ጭነት ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። በዚያ ላይ ነፋሱ ከፊት ነው። 16 ሰዓት ቁጠሪ። እሑድ ማታ ተነስቼ ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ አትበይ።

የሆጤዋ፦ የሻንጣው ገባኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። አንድ ቀን ቀድሜ ሐሙስ ልነሳ ብልስ፣ ፈቃድ ካልሰጡኝ? ወንድሜ ኒካሁን ወደ ዐስር (ከሰዓት በኋላው ሶላት) ቢያዛውረው ይሻላል ወይስ…

ሸዋበር፦ ያኔማ ከዐስር በፊት መኪናም ይደርሳል ብያለሁ።

ጦሳ፦ አይደርስም! ዐስር ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፣ ያን ሰዓት ገና ከሚሴን እያለፈች ነው።