ከጊዜው በኋላ የተጠየቅሁትን የጂም ክፍያ እንዴት ልከራከር?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምማር ተማሪ ነኝ። ጂም የተመዘገብኩት ለ3 ወር ነው፤ በወር 700 ሒሳብ 2,100 ብር በቴሌብር ቀድሜ ከፍያለሁ። ጊዜው ሰኔ 30 አለቀና ለክረምት ወደ መንዝ፣ ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። መስከረም ስመለስ «መውጣትህን በጽሑፍ አላሳወቅህም» ብለው የሐምሌና የነሐሴ 1,400 ብር ጠየቁኝ። ለሎከር ቁልፍ ያስያዝኩትን 200 ብርም ከለከሉኝ።

የፈረምኩበትን ቅጽ ፎቶ አንስቼዋለሁ፦ «3 ወር» ተብሎ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፣ ስለ እድሳት አንድም መስመር የለውም። የቴሌብር መልእክቱ ከነግብይት ቁጥሩ አለኝ። የታተመ ደረሰኝ ግን አልሰጡኝም፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በቀጥታ ለከተማው ንግድ መምሪያ ላመልክት? ወይስ መጀመሪያ ለባለቤቱ በ2 ቅጂ ጽፌ አንዱን አስፈርሜ ላስቀር? እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፤ ገንዘቡ የምግቤ ነው።