ፐርኦክሳይድ ስጨምር የደም ሥር ሴሎቼ አንዴ ይሞታሉ፣ አንዴ ይራባሉ። ምን አጥፍቼ ነው?

ቤዛ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከእምብርት ገመድ ደም ሥር የሚወሰዱትን፣ ሁቬክ የምንላቸውን ሴሎች አሳድጋለሁ። ሥራዬ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ኦክስጅን አዘል ጎጂ ሞለኪውሎች ሴል ውስጥ ሲበዙ) እድገታቸውን እንዴት እንደሚለውጥ ማየት ነው። ለዚህ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እጨምርባቸዋለሁ።
ባለፈው ወር 200 ማይክሮሞላር ስሰጣቸው በማግስቱ ክብ ክብ ብለው፣ ከፕሌቱ (ከማሳደጊያው ሳህን) ተነቅለው ሲንሳፈፉ አገኘኋቸው። በዚህ ሳምንት ያው 200 ምንም አላደረጋቸውም። ጭራሽ 20 የሰጠኋቸው ምንም ካልሰጠኋቸው በልጠው ተገኙ። አማካሪዬ «ድገሚው» ይለኛል። ሦስቴ ደገምኩ፤ ሦስቱም አይገናኙም። እባካችሁ እርዱኝ።

ዮናስ
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም እዚሁ ጋ ወራት አጥፍቻለሁ። 200 ብለሽ ስለጨመርሽ 200 ሴሉ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ፐርኦክሳይድ መንገድ ላይ ያልቃል። ለሴሎቹ የምንጨምረው ሲረም (የደም ውሃ) ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኤንዛይም አለ፣ እሱ ይሰብረዋል። የሚዲያውን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ጠርሙስ ደግሞ አገላብጠሽ እይው፤ ሶዲየም ፒሩቬት የሚል አለ? ፒሩቬት ከፐርኦክሳይድ ጋር በቀጥታ ተዋህዶ ያጠፋዋል። ብዙ ሚዲያ ላይ 1 ሚሊሞላር (1,000 ማይክሮሞላር) ይገባል። ያ ከአንቺ 200 ማይክሮሞላር አምስት እጥፍ ነው።
ሴሎቹስ ስንት ነበሩ? ፕሌቱን ከሞሉት ፐርኦክሳይዱን ተካፍለው ያጠፉታል። ሳሳ ካሉ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይበዛል።
የፐርኦክሳይዱ ጠርሙስ ከተከፈተ ቆይቶ ከሆነም በጽሑፉ አትመኚ። 240 ናኖሜትር ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ለኪው፤ ያነበብሽውን ለ43.6 ስታካፍዪው በሞላር ይሰጥሻል፣ ኩቬቱ (የናሙናው መያዣ) 1 ሴንቲሜትር ከሆነ።

ቤዛ
ዮንዬ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ሄጄ አየሁት። ያለፈው ወር ሚዲያ ፒሩቬት የለውም፤ የዚህ ሳምንቱ 1 ሚሊሞላር አለው። ሴሎቹም ያኔ የፕሌቱን ግማሽ እንኳ አልሞሉም ነበር። አሁን ጢም ብለው ነበር። ግን 20ው ለምን አሳደጋቸው?

ዶ/ር መ.
20ው ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ቶሎ ብለሽ እንዳትጥዪው። የደም ሥር ሴል ለመራባት ራሱ ትንሽ ፐርኦክሳይድ ይሠራል። ቪኢጂኤፍ የተባለው የእድገት መልእክት ተቀባዩን ሲነካ ኖክስ የሚባሉት ኤንዛይሞች ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ኦክስጅን አዘል ሞለኪውል ያመነጫሉ፤ እሱ ወዲያው ወደ ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ፐርኦክሳይዱ መልእክቱን የሚያጠፉትን ፎስፋቴዞች ለጊዜው ያስራቸዋል። ስለዚህ «ተከፈል» የሚለው ትእዛዝ ረዘም ብሎ ይቆያል።
መጠኑ ሲያልፍ ግን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ፒ53 የተባለው የሴል መከፈልን የሚያስቆም ፕሮቲን ይነሳል፣ መከፈል ይቆማል። አንዳንዱ ሴል ሳይሞት ያረጃል፤ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል እንጂ አይራባም። ከዚያም ሲብስ ይሞታል። ፒሩቬቱና የሴሉ ብዛት ይህን ወሰን ወዲያና ወዲህ እየገፉብሽ ነው።
በነገራችን ላይ እድገቱን በምን ለካሽው?

ቤዛ
በኤምቲቲ ነው ዶክተር፤ ሕያው ሴል ወደ ወይን ጠጅ የሚለውጠው ቀለም።

ሰብለ
እንግዲያው ተጠንቀቂ። ኤምቲቲ የሴሉን ቁጥር አይቆጥርም። ወይን ጠጁ ቀለም የሚያሳይሽ ሴሉ ምን ያህል ኤምቲቲ እንደለወጠ ነው። ቫይታሚን ሲ ወይም ኤንኤሲ የመሰለ አንቲኦክሲዳንት ካስገባሽማ ያለ ሴልም ቀለም ይሰጣሉ፤ ሴል የሌለበት ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) አስቀምጪ። የሞተውን ሴል ብቻ በሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ቁጠሪያቸው። ካታሌዝ ቀድመሽ የጨመርሽበት ዌልም ይኑርሽ። እዚያ ላይ ሞቱ ካልቀረ ገዳዩ ፐርኦክሳይዱ አይደለም።

አበበ
ይቅርታ፣ ሳይንቲስት አይደለሁም። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ደም ሥር ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ቫይታሚን ኢ ልልክላት ነበር። ይጠቅማታል?

ዶ/ር መ.
አበበ፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። እውነት ነው፣ ስኳር ሲበዛ ደም ሥር ውስጥ ሱፐርኦክሳይድ ይጨምራል። ግን ክኒኑ የተጠበቀውን አላደረገም። ሆፕ በተባለው ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,500 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ስኳር ነበረባቸው። ግማሾቹ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለ4 ዓመት ተኩል ገደማ ወሰዱ። በ2000 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ስትሮክንም አልቀነሰም። ገንዘቡን ለስኳር መለኪያዋና ለሚመቻት ጫማ አውለው። እግሯን በየቀኑ ትይ፣ ግፊቷንም ትከታተል። ሌላ ክኒን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ቤዛ
ተመልሻለሁ! በእያንዳንዱ ዌል እኩል ሴል ዘራሁ፣ ፐርኦክሳይዱን ለካሁ፣ ፒሩቬት ያለውንና የሌለውን ጎን ለጎን አደረግሁ። ፒሩቬት በሌለበት 200ው እንደ ድሮው ነቀላቸው። ባለበት ግን ልክ እንደ ኮብልስቶን ተጠጋግተው ተኝተዋል። ካታሌዝ የገባበትም እንደዚያው። ነገ 5፣ 10፣ 20 እና 50 ሰጥቼ በእጄ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ አመጣላችኋለሁ።