«መጤ» የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ መምህር

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ቤተሰቡ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኛው ጋር በመቀመጫ ተጣልቶ «አንተ መጤ!» ተባለ። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ሄዶ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ተሳዳቢውን ለብቻው ጠርቼ ሳነጋግረው የእሱም አያት ከየጁ መጥተው ሰኞ ገበያ በርበሬ ይቸረችሩ እንደነበር ነገረኝ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ለከተማችን እንግዳ ነው ወይስ ከተማዋን የሠራት እሱ ራሱ ነው? ለተማሪዎቼ በማስረጃ ላስረዳቸው ስለምፈልግ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአራዳ፣ አዛውንት ነጋዴ

መምህር፣ አላህ ይስጥልን፤ ጥያቄው በጊዜው የመጣ ነው። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ሆና ስታድግ ወታደሩም፣ ካህኑም፣ ነጋዴውም ከየአቅጣጫው ነው የገባው። ንጉሡ ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ የግብር አዳራሻቸው ስም ደግሞ አይጠየፍ ነው። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሲሸነፉም ከተማዋ አልፈረሰችም፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የገበያው ሰው ሥር ሰድዶ ነበር።

በልጅነቴ እናቴ ስኳር የምትልከኝ ከአንድ የየመን ሰው ሱቅ ነበር። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልለው ከሰጡኝ በኋላ ለምርቃት አንዲት ከረሜላ ይጨምሩልኝ ነበር፤ አንድ ቀን ሳንቲሙን መንገድ ላይ ጥዬ እያለቀስኩ ብደርስ «አብሽር፣ ነገ ታመጣለህ» አሉኝ። ይህ «አብሽር» የምንለው ቃል ዐረብኛ ነው፤ ዛሬ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም የታመመ ሲጠይቅና ያዘነ ሲያጽናና የሚለው የወሎ ቃል ሆኗል። በአሰብ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ይመጣ የነበረው ጨርቅና ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፣ የደሴ ልጅ

የአባታችንን ሐሳብ ለማጠናከር ያህል፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የሰፋችው መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየኮረብታው እየሰፈሩ ነው፤ «ሰፈር» ማለትም ይኸው ነው። ጎጃም በረንዳ፣ ወሎ ሰፈር፣ ዶርዜ ሰፈር፣ ሱማሌ ተራ እያልን በየቀኑ ታክሲ ስንሳፈር የመጪዎችን ስም እየጠራን ነው። በዓል ሲደርስ ከተሜው የሚለብሰውን ሸማ ሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ከሚሸምኑት አብዛኞቹ ሥራውን ከጋሞ ደጋ ይዘውት የመጡ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የናስ ሙዚቃ ባንድ ሆነዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሱትም የእነሱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ወላጅ አልባ ሆኖ የመጣ ሰው የአገር መዝሙር ሲነፋ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለተማሪዎችዎ አላውቅም።

መልስ፣ ከሆጤ፣ የልጆች እናት

ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ስለመጣ ብቻ ከተማ አንድ አይሆንም። እኔ ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ስሠራ በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ያ ልጅ ደብተሩን ያቀፈበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። የቤት ኪራይ መናሩና ውኃ በፈረቃ መምጣቱ ያስመርራል፣ እኔም ተከራይ ነኝ፤ ምሬቱን ሁሉ ሜዳ ላይ በቀረ ሰው ማወራረድ ግን ግፍ ነው።

በእኛ ሰፈር መንገድ የከፈተው እድሩ ነው። ተፈናቃዮቹ የመግቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መክፈል ስላልቻሉ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ለሁለት ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንዲከፍሉ ተፈቀደ። ከሦስት ወር በኋላ የአንደኛው ቤት እናት ዐረፉ፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሴቶቹ እንጀራ ይዘን ገባን፣ ሦስቱንም ቀን ወንዶቹ አብረው አደሩ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ሲያልፍ «የእድራችን ልጅ» ሲባል እንጂ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ አልሰማሁም።

ጠያቂው

አባቴ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ሰኞ ጧት «አብሽር» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ ከየት እንደመጣ ሁለቱንም ልጆች ፊት አስቀምጬ እጠይቃለሁ። የእድሩን ነገር ደግሞ ለራሴ ሰፈር ዳኛ ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።